ሁለት ጊዜ የተነገረ መርዶ

ትዝታ የሽማግሌ ሥራ ነው እያሉ የሚስቁብኝ ጓደኞች አሉኝ። ይሳቁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ነገር ግን ያደግኩበትን ቤት አሳዪን ብትሉኝ የማሳያችሁ አዲስ የእግረኛ መንገድ፣ ጥቂት ሣርና ረጅም የመብራት ምሰሶ ነው። ሰው ለማርጀት ከዚህ ሌላ ምን እንደሚያስፈልገው አላውቅም።

ባለፈው ሳምንት ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በእግሬ ሳቀና ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። ከአንድ ኬክ ቤት በር ትኩስ ቦምቦሊኖ ሸተተኝ፤ የጋለው ዘይት፣ የተነሰነሰበት ስኳር፣ ከሥሩ ደግሞ የረጠበው አስፋልት። ቆምኩ። ከኋላዬ ይመጣ የነበረ ጎረምሳ ሊጋጨኝ ምንም አልቀረውም። “እህት፣ ቀይ መብራት ያዘሽ እንዴ?” ብሎኝ አለፈ። እውነቱን ነው፣ የሆነ ነገር ይዞኝ ነበር። ያደግኩበት ሰፈር፣ ዶሮ ማነቂያ ነበርኩ፤ የዩኒፎርሜን ኮሌታ እያኘኩ፣ እትዬ ሸዋዬ ደጃፍ ቆሜ ፓስቲው ከድስቱ እስኪወጣ እጠብቅ ነበር።

ግቢያችን አምስት በርና አንድ ቧንቧ ነበረው። እትዬ ሸዋዬንና እትዬ ማሚቴን የሚለያቸው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው፤ እሱም በጋዜጣ ላይ ጋዜጣ የተለጠፈበት፣ ከወዲህ ሲያስነጥሱ ከወዲያ “ይማርሽ” የሚባልበት ግድግዳ። እትዬ ሸዋዬ ጠዋትና ማታ የከሰል ምድጃቸውን ከግቢው በር ላይ አውጥተው ፓስቲ ይጠብሳሉ። አንደኛ ክፍል ስገባ በአንድ ብር ሁለት ነበር፤ ትንሽ ቆይቶ አንድ በአንድ ብር ሆነ፤ ከዚያ ወዲያ እኔና የፓስቲ ዋጋ ቁመት እየተለካካን አደግን። እትዬ ማሚቴ ደግሞ ከቸርችል ጎዳና ራስጌ ካለ አንድ ልብስ ስፌት ቤት ቁልፍ ይተክላሉ፣ እጅጌ ይዘመዝማሉ። ማታ ሲመለሱ ግራጫ ካፖርታቸው ላይ የማያውቁት ሰው ሱፍ ክር ተጣብቆ ይመጣል። እኛ ልጆቹ እየለቀምን “ይሄ የሙሽራ ነው፣ ይሄ የሹም ነው” እንባባል ነበር። በዚያች ሰዓት ከማዶ ካለው ፀጉር ቤት የክራር ዘፈን ይሰማል፤ ካሴቱ ከማርጀቱ የተነሣ እየጎተተ ዘፋኙን በሽተኛ ያስመስለዋል፤ ቢሆንም ማንም ይዘጋ አይልም፤ ሁላችንም ያንን ጉትት የዘፈኑ ዜማ አድርገን ነው ያወቅነው። በኋላ አንድ ቀን በስልክ ላይ ደህናውን ቅጂ ስሰማ የሌላ ሰው መሰለኝ።

ሁለቱ ሴቶች ሲነካከሱ የግቢው ሰው ሥራ ይፈታል። እትዬ ሸዋዬ ማንኪያቸውን እንደያዙ፣ “ማሚቴ፣ ለአገሩ ሁሉ ቁልፍ ስትተክዪ ትውያለሽ፤ ያንቺ ሹራብ ግን ይኸው በመርፌ ቁልፍ ተይዞ ሊያረጅ ነው” ይላሉ። እትዬ ማሚቴ ካፖርታቸውን እያወለቁ፣ “ሹራቤን ተዪውና ዘይትሽን ቀይሪ። እሱ እኮ ከኔ ቀድሞ ነው ዶሮ ማነቂያ የገባው” ይላሉ። ባል የላቸውም፤ ልጅ የላቸውም፤ እትዬ ሸዋዬ ብቻ አንድ የእኅት ልጅ አላቸው። ፋሲካ ሲሆን ግን አንዷ ሳትመጣ ሌላዋ ስትጾመው የቆየችውን አትቀምስም ነበር።

ከዚያ አንድ ሰሞን ሰፈሩ ሊፈርስ ነው ተብሎ በየበራችን ላይ የቀለም ምልክት ተደረገ። ማን መጣ፣ ምን አለ፣ ስብሰባው የት ነበር፣ እሱን ትልልቆቹ ይጻፉት። እኔ የማስታውሰው መዝጊያዎቹን ነው። ሁሉም ሰው የበሩን መዝጊያ ነቅሎ በጀርባው ተሸክሞ ይወጣ ነበር፤ የሚገባበት ቤት የራሱ መዝጊያ እንዳለው እያወቀ። እኛ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ደረሰን። እትዬ ሸዋዬ ገላን ሄዱ። እትዬ ማሚቴ የኖሩባት ክፍል በሌላ ሰው ስም የነበረች ናት፤ ስለዚህ ምንም አልደረሳቸውም፤ ከሥላሴ ጀርባ በአንዲት ባለንብረት ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራዩ። ከአምስቱ በር ሰው አራዳን ሳይለቁ የቀሩት እሳቸው ብቻ ሆኑ።

እኔ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ምደባዬ እዚሁ ሆነልኝ፤ ከማደሪያዬ እስከ እትዬ ማሚቴ ክፍል የእግር መንገድ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እሄዳለሁ። ገና ሳልቀመጥ ስልካቸውን ይዘረጉልኛል። “በይ ለዚያች ዘይታም ደውዪልኝ።” ቁጥሩን እነካለሁ፣ ድምፁን እከፍተዋለሁ፣ ከገላን የእትዬ ሸዋዬ ጩኸት ክፍሉን ይሞላዋል። “አለሽ እንዴ? እኔ እኮ ሥላሴ ግቢ የቀበሩሽ መስሎኝ ነበር።” እትዬ ማሚቴ፣ “እዚያ የሚቀበረው የአገር ሹም ነው። እኔን በየት በኩል ያስገቡኛል?” ይላሉ። ሁለቱም ጮኸው ነው የሚያወሩት፤ ያ ግድግዳ ዛሬም በመሃላቸው የቆመ ይመስል።

የመጀመሪያ ዓመት የጽሕፈት ትምህርታችንን የሚሰጡን መምህር ኤፍሬም ይባላሉ፤ ቀጭን፣ ክርናቸው ላይ የሳሳ ቡናማ ኮት የሚለብሱ፣ ሲስቁ ድምፅ የማያሰሙ ሰው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ድርሰት ባልኩ ቁጥር በዚያ ቋንቋ የተጻፈ መሆኑን አስቡልኝ። የመጀመሪያው የቤት ሥራ ስለ ሰፈራችን አንድ ገጽ መጻፍ ነበር። እኔ እንዳደግኩበት ጀመርኩ። ፈጣሪን አመሰገንኩ፤ አየሩን ገለጽኩ፤ ፒያሳ ድሮ እንዲህ ነበረች ይባላል፣ እንዲያም ነበረች ይነገራል አልኩ። ወረቀቱ ሊያልቅ ሁለት መስመር ሲቀረው “አሁን ሰፈራችን ፈርሷል” ብዬ ዘጋሁ። ሲመለስልኝ መምህሩ ሌላውን አልነኩትም። ያችን የመጨረሻ ዐረፍተ ነገር ብቻ በቀይ ከበዋት፣ ከእሷ ተነሥቶ እስከ ገጹ አናት የሚወጣ ረጅም ቀስት ሠርተውባታል።

“ይህን ለምን ደበቅሽው?” አሉኝ ክፍል ውስጥ።

“አልደበቅኩትም መምህር፤ መጨረሻ ላይ አለ።”

“አንባቢሽ እዚያ ሳይደርስ እንቅልፍ ቢወስደውስ?”

ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ፤ ግን ጆሮዬ እስኪግል አፍሬ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሁለት ነገር አስጨነቁን። አንደኛው ኃይለ ቃሉ ከፊት ይቅደም የሚለው ነው፤ የምትነግረንን መጀመሪያ ንገረን፣ ከዚያ አስረዳን። ሁለተኛው “ይባላል” የሚባል ነገር እንዳያዩ ነው። ማን አለ? የት አለ? ስም ስጪው። እኔ ያደግኩበት ሰፈር “ይባላል”ን ብትከለክሉት ሰው ሁሉ ዲዳ ሆኖ ይውላል፤ ይህን ብነግራቸው ያለ ድምፅ ሳቁና አንድ መንገድ አሳዩኝ። መጽሐፍ ከሌለሽ ያየ ሰው ጠይቂ፣ የጠየቅሽውን ሰው ስም ከግርጌ ጻፊ አሉኝ። ቅዳሜ ሄጄ ሁለቱንም በስልክ አገናኝቼ ጠየቅኳቸው። ስለ ፓስቲው ዋጋ፣ ቧንቧው ስለገባበት ጊዜ፣ ግድግዳውን ማን እንደመረገው ሲጨቃጨቁ ዋሉ፣ እኔ ጻፍኩ። እትዬ ሸዋዬ ስማቸው በግርጌ እንደሚገባ ስነግራቸው፣ “በእንግሊዝኛ?” አሉ። “በእንግሊዝኛ።” “ማሚቴ፣ ሰማሽ? እኔ ተጽፌያለሁ።” እትዬ ማሚቴ የሳቸውስ ስም የት እንዳለ ሲጠይቁኝ እትዬ ሸዋዬ ቀድመው፣ “ያንቺ ከግርጌው በታች ነው፣ ጎንበስ ብለሽ ፈልጊው” አሉ።

ድርሰቱን ደጋግሜ ጻፍኩት። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ፣ አንድ ማታ ላይ ዐረፍተ ነገሮቼ ወገባቸውን ቀና ያደረጉ መሰለኝ። ከፊት “ያደግኩበት ግቢ ዛሬ የለም” የሚለው ቆመ፤ ሌላው ሁሉ ከኋላው ተሰለፈ። ልክ ነበር። እንደዚያ ያለ ደስታ ከዚያ በፊት አላውቅም፤ ስለማውቀው ነገር ብጽፍ ሰው ሊያምነኝ እንደሚችል ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

መምህር ኤፍሬም ድርሰቴን ለክፍሉ ያነበቡት አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። ሲጨርሱ ማንም አልሳቀም፤ ከኋላ የተቀመጠች የደሴ ልጅ ዓይኗን ስትጠርግ አየሁ። በዚያች ደቂቃ ኪሴ ውስጥ ስልኬ ይንቀጠቀጥ ጀመር። እናቴ በትምህርት ሰዓት ደውላልኝ አታውቅም። ወጣሁ።

እናቴ ለኔ ዙሪያ ጥምጥም አልሄደችም፤ ጊዜ አልነበራትም። እትዬ ሸዋዬ ሌሊት ልባቸውን ይዟቸው ሐኪም ቤት ደርሰው አርፈዋል፤ ቀብሩ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት እዚያው ገላን ነው። የድሮው ግቢ ሰዎች ከየኮንዶሚኒየማቸው እየተጠራሩ ነው፤ አምስት ሰዓት ሳይሞላ እትዬ ማሚቴ ቤት ደርሰው መርዶውን ነግረው፣ ደግፈው ይዘዋቸው ወደ ቀብር ይሄዳሉ። እስከዚያ እኔ ሄጄ አጠገባቸው ልቀመጥ። አንድ ቃል እንዳልተነፍስ። ሌላ ሰው ደውሎ እንዳያሰማቸው ስልካቸውን ልያዝባቸው። ለእትዬ ማሚቴ እትዬ ሸዋዬ እኅት ናቸው፤ የእኅት ሞት ደግሞ በስልክ አይነገርም፣ በአንድ ሰው አፍም አይነገርም። ሰው ይሰበሰባል፤ የሚይዟቸው ሴቶች በቅርብ ይቆማሉ፤ አንጋፋው ከሩቅ ተነሥቶ፣ ከጤናውም ከአየሩም እያለ ቀስ ብሎ ይቀርባል።

እትዬ ማሚቴ በሩን ሲከፍቱልኝ ፊታቸው በራ። ቅዳሜ መስሎሽ ነው ወይ አሉኝ፤ ትምህርት ቶሎ አለቀ ብዬ ዋሸሁ። ዳቦ ቆርሰው በሻይ ሰጡኝ። ድርሰቱ ዛሬ እንደሚነበብ ነግሬያቸው ስለነበር ስለሱ ጠየቁኝ። ተነበበ አልኳቸው። ሌላ ቀን ቢሆን ተነሥቼ እየዞርኩ ነበር የምተርከው። እሳቸው ግን ለሁለታችንም ተደሰቱ፤ ስልካቸውን ከትራስ ሥር አውጥተው ዘረጉልኝ።

“በይ ለዚያች ዘይታም ደውዪልኝ። መነበቧን ከኔ አፍ ትስማ።”

ስልኩን ተቀበልኩ። ቁጥሩን የምነካ መስዬ ጣቴን አንቀሳቀስኩ፤ ጆሮዬ ላይ ያዝኩት፤ ኔትወርክ የለም አልኩ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ ሞክሪ አሉኝ። አሁንም የለም አልኩ። ወደ መስኮቱ ጠጋ በይ አሉኝ፤ ጠጋ አልኩ። ሥላሴ ጀርባ ኔትወርክ ከጠፋ ሙታኑ ናቸው የሚያወሩበት ብለው ሳቁ። እኔ ጀርባዬን ሰጥቻቸው መስኮቱን ሳይ ቆየሁ።

አምስት ሰዓት ሆነ፤ ማንም አልመጣም። እናቴ ስትደውል ወደ ግቢው ወጣሁ፤ ዝናቡ ከብዷል፣ መገናኛ ጋ መንገድ ተዘግቷል፣ የተሳፈሩበት ሚኒባስ ከቆመበት ንቅንቅ አላለም። ትንሽ ጠብቂን አለችኝ። ስድስት ሰዓት ሆነ። ከእትዬ ማሚቴ ቤት ገላን በዚያ ዝናብ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ አውቀዋለሁ። ተጨማሪ ከቆየን እትዬ ማሚቴ የሚደርሱት አፈሩ ከተመለሰ በኋላ ነው። እንደገና ወጥቼ ደወልኩ።

“እማዬ፣ ልንገራቸው።”

“ብቻሽን? ቢወድቁስ? ልጅ መርዶ አይናገርም።”

“ታዲያ ሳይቀብሯቸው ይቅሩ?”

ከሚኒባሱ ውስጥ የሰው ድምፅ ይሰማኛል፣ ጥሩምባ ይሰማኛል። “እንጃ ልጄ፣ እኔ እንጃ” አለች እናቴ።

ተመልሼ ገባሁ። በልጅነቴ ከእናቴ ቀሚስ ኋላ ቆሜ ሽማግሎች ሲናገሩ የሰማሁትን ለማስታወስ ሞከርኩ። ከየት ነው የሚነሡት? “እትዬ ማሚቴ፣ መቼም ዓለም እንዲህ ናት...” ብዬ ጀመርኩ። ሳቁብኝ። “ምን ሆነሽ ነው ዛሬ እንደ ጋሽ መኮንን የምታወሪው?” አሉ። ጋሽ መኮንን የግቢያችን አንጋፋ ናቸው፤ በሰፈሩ ስንቱን መርዶ የነገሩት እሳቸው ናቸው። ከዚህ በኋላ መንገዱ ጠፋኝ።

“እትዬ ሸዋዬ ሞተዋል” አልኩ። “ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው። አሁን ከወጣን እንደርሳለን።”

መምህር ኤፍሬም ቢሰሙት የሚያርሙበት ነገር አይኖርም ነበር።

እትዬ ማሚቴ እኔን አላዩኝም። ከኋላዬ ያለውን በር ነው ያዩት፣ ሌላ ሰው ይገባ ይመስል። “ከማን ጋር መጣሽ?” አሉ። “ብቻዬን።” “ሌላ ሰው የለም?” “መንገድ ላይ ናቸው።” ራሳቸውን ነቀነቁ። አላለቀሱም። እኔ ይወድቃሉ ብዬ እጄን ዘርግቼ ቆሜያለሁ፤ እሳቸው ግን ተነሥተው ፊታቸውን ታጠቡ፤ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ፤ ካፖርታቸውን ደረቡ፤ በሩን ቆልፈው ቁልፉን ሁለት ጊዜ ሳቡት። በስልክ ታክሲ ጠራሁ። እስከ ገላን ድረስ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገሩ፤ ሾፌሩ ዘፈን ሲከፍት በለስላሳ ድምፅ፣ “ልጄ፣ ዝጋልኝ” አሉት።

ደረስን። ከድሮው ግቢ ሰው ከኛ በቀር አንድም አልነበረም። የእትዬ ሸዋዬ የእኅት ልጅ፣ ካህናቱ፣ ጥቂት አዲስ ጎረቤቶች፤ አዲሶቹ ጎረቤቶች እትዬ ሸዋዬን የሚያውቋቸው በደረጃው ላይ በሚሰጡት ሰላምታ ብቻ ነው። እትዬ ማሚቴ ከጉድጓዱ አፋፍ ቆመው፣ አፈሩ እስኪያልቅ ዓይናቸውን ሳያነሡ አዩ። አንዲት ሴት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ “ዘመድ ናቸው ወይስ እንግዳ?” አለችኝ። ደረቅ ዓይናቸውን አይታ ነው።

ሰው ሲበተን እናቴና ሌሎቹ በጭቃ ተለውሰው ደረሱ። እናቴ ከሩቅ እያለቀሰች መጥታ ልታቅፋቸው ስትል እትዬ ማሚቴ መዳፋቸውን ደረቷ ላይ አድርገው አቆሟት።

“ቆዪ” አሉ። “እኔ ገና አልሰማሁም። ነገ ጠዋት ኑና ንገሩኝ።”

አእምሯቸው የተነካ መሰለኝ። ልናገር ስል እናቴ እጄን ጨመቀችኝ። እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠራረገች፤ እንግዳ ነገር እንዳልሰማች ሁሉ፣ “እሺ እትዬ ማሚቴ፤ ነገ እንመጣለን” አለች። ጋሽ መኮንንም ባርኔጣቸውን እንደያዙ ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። ማንም ማንንም አልጠየቀም።

በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ በሥላሴ አጥር ጥግ ተሰባሰብን። የካ አባዶ ያለን፣ ኮዬ ፈጬ የደረሳቸው፤ አንዳንዶቹን ሰፈሩ ከፈረሰ ጀምሮ አላየኋቸውም ነበር፤ ፀጉር አስተካካዩ ሸብቷል። ወሬ የለም፤ ሰላምታው እንኳ በእጅ ነው። ለባለንብረቷ ቀድሞ ተነግሯት የግቢውን በር ለሁለት ከፍታ ጠበቀችን። ሴቶቹ ከፊት ሆኑ፤ እኔ ከኋላ ቆምኩ። ጋሽ መኮንን አንኳኩ።

እትዬ ማሚቴ ከፈቱ። ነጠላቸው እንደ ወትሮው ነው፣ አልተዘቀዘቀም። መርፌያቸው ክር እንደገባበት ሹራባቸው ላይ ተሰክቷል።

“ምነው በጠዋቱ? በደህናችሁ ነው?”

ጋሽ መኮንን በደህና ነው አሉ። ስለ ትናንቱ ዝናብ አወሩ፣ እሳቸውም ስለ ዝናቡ መለሱላቸው። ስለ መንገዱ፣ አራተኛ ፎቅ መውጣት ለጉልበት እንደማይሆን፣ ስለ ውሃው መጥፋት አወሩ። እትዬ ማሚቴ እያንዳንዱን ነገር ልብ ብለው ሰሙ። አንዱንም አላሳጠሩባቸውም። ጋሽ መኮንን ቀስ እያሉ ከፎቁ ወደ ጤና መጡ፣ ከጤና ወደ ሰው።

“ሸዋዬንም ሰሞኑን አመም አድርጓት ነበር” አሉ።

“ምነው? ምን ሆነች?”

“ልቧን ነው።”

“ሐኪም ቤት ወሰዷት?”

“ወሰዷት።”

“ታዲያ ተሻላት?”

እትዬ ማሚቴ በዓይናቸው ከአንዳችን ፊት ወደ ሌላችን ፊት እየሄዱ ጠበቁ፤ እኔ ጋ ሲደርሱ አልቆሙም፣ አለፉኝ። እናቴና ሌላዋ ጎረቤት በግራና በቀኝ ገብተው ክንዳቸውን ያዙ። ጋሽ መኮንን ባርኔጣቸውን አወለቁ።

ያን ጊዜ እትዬ ማሚቴ ጮኹ።